ለንደን ሲቲ ውስጥ ባንክ ጥበቃ ልትጀምር ነው? ይቺን አንብብ

ወንድሜ፣ «ስልጠናው ላይ ስለ ቦምብ ያን ሁሉ ሰዓት የሚያወሩት እውነት የሆነ ነገር ኖሮ ነው ወይስ ለወጉ ያህል?» ብለሃል። እኔ እዚያው ሲቲ፣ የለንደን የባንኮች ሰፈር ውስጥ ሌሊት ሴኩሪቲ ስሠራ ዓመታት ስለሆነኝ የማውቀውን ልንገርህ።

ኧረ ሆኗል! ኤፕሪል 10 ቀን 1992 ማታ አይ አር ኤ (ሰሜን አየርላንድን ከእንግሊዝ ለመነጠል በመሣሪያ ይታገል የነበረው ቡድን) ባልቲክ ኤክስቼንጅ ደጃፍ ላይ መኪና ሙሉ ቦምብ አፈነዳ። የመርከብ ጭነት ውል የሚዋዋሉበት ገበያ ነው። 3 ሰው ሞተ፣ አንዷ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ 91 ሰው ቆሰለ። ጌርኪን የሚሉት ክብ ሕንፃ ዛሬ የቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው። በዓመቱ ደግሞ ቢሾፕስጌት የሚባለው የሲቲ መንገድ ላይ ደገሙት። ቅዳሜ ስለነበር እንጂ አዘቦት ቀን ቢሆን ስንቱ ባለቀ። ከዚያ በኋላ ነው መግቢያ መንገዶቹ ላይ ፖሊስና ካሜራ የበዛው። ኢንሹራንሶቹም «የሽብር ጉዳት አንሸፍንም» ብለው አፈገፈጉና በ1993 የሽብር ጉዳትን ለኢንሹራንሶቹ የሚሸፍን፣ መንግሥት ከኋላ የቆመለት ፑል ሪ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ።

አሁን ወደ ሥራህ። በ1992 አስቀድመው ደውለው ነበር፤ ግን ቦምቡ ስቶክ ኤክስቼንጅ (የአክሲዮን ገበያው) ጋ ነው አሉ፣ የፈነዳው ሌላ ቦታ። ስለዚህ ውጭ ቦምብ አለ ሲባል «ሁላችሁም ውጡ!» ብለህ በሩን እንዳትበረግድ፣ ሰውን ወደ ቦምቡ ልትነዳው ትችላለህ። የሚወጣም የሚገባም ኮንትሮል ሩም ሲያዝህ ብቻ ነው። እስከዚያ ከመስታወት አርቀህ ወደ ሕንፃው መሀል ሰብስባቸው። የሚያስቸግርህ ደግሞ ስልኩን ይዞ ሊቀርጽ መስኮት ላይ የሚለጠፈው ነው፣ በተለይ አለቃ ከሆነ አይሰማህም። አትፈር፣ ጮክ ብለህ ተናገረው።

አንድ የስሪላንካ ሰው አብሮኝ ይሠራል፤ መስታወት ሲባል አይቀልድም። በ1996 ኮሎምቦ ውስጥ የታሚል ታይገሮች (ለታሚሎች የተለየ አገር ይዋጉ የነበሩ አማፅያን) ቦምብ በጫነ የጭነት መኪና ማዕከላዊ ባንኩን ሲመቱ 91 ሰው ሞቷል፣ ከሺህ በላይ ቆስሏል፣ ብዙዎች ዓይናቸውን ያጡ ናቸው።

እና የመጀመሪያ ፈረቃህ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል የቱ እንደሆነ ሳትጠይቅ አትቀመጥ። በር ላይ ሹፌር የሌለው ቫን ካየህም ተጠግተህ በመስኮቱ አትመልከት፤ ታርጋውን ከሩቅ ያዝና ደውል።