የገጹ ወጪ ከማን ኪስ ነው?

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሴት ነኝ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት ጽሑፍ «ይህ መድኃኒት ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይገድላል፣ ሐኪሞች ግን አይነግሯችሁም» ይላል። የጥናት ስሞች ተደርድረውበታል፤ ግርጌው ላይ «ሆንኮድ» የሚል ማኅተም አለው። መጨረሻ ላይ ከዕፅዋት የተዘጋጀ እንክብል ይሸጣል። እውነቱን ከሐሰቱ በምን ልለይ? መድኃኒቱንስ ላቁመው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ እባክዎ መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ። ሐሳብ ከገባዎት ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ፤ እስከዚያው እንደታዘዘልዎ ይውሰዱት።

ጽሑፉ ጨርሶ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ቀላል ነበር። የሚያስቸግረው ግማሽ እውነት መያዙ ነው። ኢናላፕሪል ሲጀመር ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ውጤት ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ጭማሪው ከ30 በመቶ ካላለፈ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን እንቀጥላለን፤ ካለፈ ግን ምክንያቱን እንፈልጋለን። በተጀመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ደም የምንመረምረውም ለዚሁ ነው። እርስዎ ይህ ምርመራ ካልተደረገልዎ ሄደው ያስደርጉት። ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎትም ቶሎ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ጽሑፉ የዘለለው ሌላውን ግማሽ ነው፦ ኩላሊትን ከሚያደክሙት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ራሱ ያልታከመ የደም ግፊት ነው። ይኸው ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ በሽንታቸው ፕሮቲን ለሚያልፍ የስኳር ሕሙማን የሚታዘዙት ኩላሊታቸውን እንዲጠብቁ ነው።

ይህን ሁለተኛ ግማሽ ማን አስቀረው? ለምንስ? መልሱ ያለው እንክብሉ ላይ ነው። የሚያስፈራዎትና የሚሸጥልዎት አንድ ሰው ከሆነ፣ ፍርሃቱ ራሱ የሽያጩ አካል ነው። ወደ ገጹ ይመለሱና እስከ መጨረሻው መስመር ይውረዱ። እንዲህ ባሉ ገጾች ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «ይህ ምርት ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከላይ በትልልቅ ፊደል የተነገረውን ከታች የሚሽር ቃል ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ምርቶች ፈዋሽነታቸው አስቀድሞ ሳይረጋገጥ ገበያ እንዲወጡ ይፈቅዳል፤ ይህን ማሳሰቢያ እንዲጽፉ የሚያስገድዳቸውም እሱ ነው።

ማኅተሙን በተመለከተ፣ ሄልዝ ኦን ዘ ኔት የተባለ ጄኔቫ የነበረ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት 8 መርሆችን ላሟሉ የጤና ድረ ገጾች ይሰጠው የነበረ ነው። ከስምንቱ አንዱ የገንዘብን ምንጭ በግልጽ ማሳወቅ፣ ሌላው ማስታወቂያን ከጽሑፍ መለየት ነበር። መልካም ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተዘግቷል። በነበረበት ጊዜም ማኅተሙ የሚመሰክረው ገጹ መርሆቹን እንደሚከተል እንጂ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ስለመሆኑ አልነበረም። ዛሬ ያንን ምልክት ለጥፎ የሚያሳይ ገጽ ማንም አይቆጣጠረውም።

የሚሸጥ ነገር ፊት ለፊት ሲቀመጥ መጠርጠር ይቻላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገንዘቡ የማይታይበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ የስኳር አምራቾች ማኅበር ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 6,500 ዶላር ከፍሎ ስለ ልብ ሕመም የጥናቶች ዳሰሳ አስጻፈ። ጽሑፉ በ1967 በታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፤ የስኳርን ድርሻ አቅልሎ ጥፋቱን ወደ ስብና ኮሌስትሮል አዞረ። ገንዘቡን ማን እንደሰጠ አንድም ቃል አልተጻፈበትም፤ በዚያን ጊዜ መጽሔቱም አይጠይቅም ነበር። ነገሩ ከድሮ ደብዳቤዎች ተቆፍሮ የወጣው በ2016 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሐኪም ሁሉ ከጀርባው ማን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ይህን ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል።

እንዲህ ስል ግን ኩባንያ የከፈለበት ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። የአዳዲስ መድኃኒቶች ሙከራ አብዛኛው በአምራቾቹ ገንዘብ የሚካሄድ ነው፤ ያለዚያ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ባልኖሩ ነበር። ሆኖም ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዳሰሳ፣ አምራቹ የከፈለባቸው ጥናቶች ምርቱን የሚደግፍ ውጤትና መደምደሚያ የሚያወጡበት ጊዜ ከሌሎቹ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስለዚህ ከፋዩን ማወቅ ጽሑፉን ለመጣል አይደለም፤ በምን ዓይን ማንበብ እንዳለብዎ ይነግርዎታል። ጥናቱ በይፋ ተመዝግቦ ነበር ወይ? ከፋዩ ተገልጿል ወይ? ከዚያ ገንዘብ ነፃ የሆነ ሌላ ቡድን ደግሞ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል ወይ?

ገጹ ላይ «ስለ እኛ» የሚለውን ይክፈቱ። የጸሐፊው ስምና ሙያ ከሌለ፣ መቼ እንደተጻፈ ካልታወቀ፣ ባለቤቱም ካልተገለጸ እኔ ወደ ሌላ ገጽ እሄዳለሁ። የጥናት ስም ቢደረደር አይደንግጡ፤ አንዱን መርጠው ይፈልጉት። ጥናቱ በአይጥ ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጭራሽ ሌላ ነገር የሚናገር ሆኖ ያገኙታል። «አደጋውን በ50 በመቶ ይቀንሳል» ሲባል ደግሞ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ከ100 ሰው 2 ይታመሙ የነበሩት 1 ቢሆኑ፣ ያም 50 በመቶ ይባላል፤ ከ100 ሰው 40 የነበሩት 20 ቢሆኑም እንደዚያው።

እኛንም ይጠይቁን። ሐኪምም ከመድኃኒት ኩባንያ ስጦታ ወይም ክፍያ ሊቀበል ይችላል፤ ስለዚህ «ይህንን ለምን መረጡልኝ?» ማለት መብትዎ ነው፤ ድፍረት አይደለም። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ያንን ጽሑፍ ይዘው ይሂዱና ያስጨነቀዎትን መስመር በጣትዎ ያሳዩ። ከዚያ የክሪያቲኒን ውጤትዎ መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ስንት እንደነበረና አሁን ስንት እንደሆነ ጎን ለጎን ተጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።