ቀንበር እንዴት ይጣፍጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሮም ነው፤ አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ። ካቶሊክ ናቸው፣ የላቲን ወንጌል አላቸው። ማቴዎስ 11፥30 ላይ ቀንበሬ «ስዋቬ» ነው ይላል። «ጣፋጭ ማለት ነው» አሉኝ። የእኛ ደግሞ «ቀንበሬ ልዝብ ሸክሜም ቀሊል ነውና» ይላል። የቱ ነው ልክ? እውነቱን ልንገርዎት፤ እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ግን ጣዕሙ ጠፍቶብኛል። እምነቴ ምን ነክቶት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። አሮጊቷም ልክ ናቸው፣ የእኛም መጽሐፍ ልክ ነው።

የላቲኑ ቃል መነሻው «ስዋቪስ» ነው። ደስ ለሚያሰኝ ነገር ሁሉ ይነገራል፦ ለመዓዛ፣ ለድምፅ፣ ለምግብ፣ ለሰው ጠባይም። እንደ ማር ላለ ጣፋጭ «ዱልቺስ» የሚባል ሌላ ቃል አላቸው። ኖኅ መሥዋዕት ሲያቀርብ እግዚአብሔር ያሸተተውን መዓዛ የላቲኑ መጽሐፍ የሚጠራው ከ«ስዋቪስ» በወጣ ስም ነው። ዳዊት ላይም አለ። እኛ በግዕዝ «ጠዐሙ ወታእምሩ ከመ ኄር እግዚአብሔር» የምንለውን አስቢ፤ «እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ ቅመሱ፣ እወቁም» ማለት ነው። እኛ «ኄር» ባልንበት ላቲኑ «ስዋቪስ» ይላል።

ወንጌሉ የተጻፈበት ግሪክ ደግሞ «ክሬስቶስ» ይላል። ከጌታ ስም ጋር አይምታታብሽ፤ ሌላ ቃል ነው። ቸር፣ መልካም፣ ለሥራው የሚስማማ ማለት ነው። ሉቃስ 5፥39 ላይ ስለ አሮጌው ወይን የተነገረው ይኸው ቃል ነው። የእኛ ተርጓሚዎች እዚያ «ይጣፍጣል» አሉት። ለወይን «ይጣፍጣል»፣ ለቀንበር «ልዝብ»። እኔ ይህን ምርጫቸውን በጣም እወደዋለሁ። ገበሬ ያውቀዋል፦ ያልለዘበ ቀንበር የበሬውን ጫንቃ ይልጠዋል። ስለዚህ ገበሬው እንጨቱን ይጠርበዋል፣ ያለሰልሰዋል። በሬው ያን ቀን ከማረስ አይቀርም። ግን አይቆስልም።

አሁን ወደ ልብሽ ጥያቄ ልምጣ። ጌታ ይህን ቃል የተናገረው «እናንተ ደካሞች ሸክማችሁ የከበደ» ብሎ ለጠራቸው ነው። ጸሎቱ ሁልጊዜ ይጥማችኋል አላለም። እሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ነበር። ያ ጸሎት ጣዕም ስላልነበረው ጎደለ እንላለን? በፍጹም! አንቺም ሳይጥምሽ መቆምሽ የእምነት ጉድለት አይደለም። ሌሊት ለአሮጊቷ ስትነሺ አድረሽ፣ ጠዋት ደክሞሽ «አባታችን ሆይ» ብትዪ እግዚአብሔር ይሰማሻል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጾሙም ስግደቱም ከሥራሽ ጋር ከአቅምሽ በላይ ሆኖ እንደሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። በራስሽ አትተዪው፣ በራስሽም አትጨምሪበት። ቀንበሩ ጫንቃሽን እንዳይልጠው የሚያስተካክሉልሽ እሳቸው ናቸው።

እስከዚያው መዝሙር 33ን ቀስ ብለሽ አንብቢ። «ቅመሱ» ያለው ይኸው መዝሙር ዝቅ ብሎ «የጻድቃን መከራቸው ብዙ ነው» ይላል። በላቲኑም ቁጥሩ 33 ነው። አንቺ በእኛ ቋንቋ፣ አሮጊቷ በእሳቸው ቋንቋ፣ ማታ ማታ አብራችሁ አንብቡት።