ኬዙ ትንሽ ከሆነ ከኬዙ ጀምር

ሰላም ወንድሜ። ለቤት ትንሽ ኮምፒውተር ልገጣጥም ብለህ ቡድናችን ውስጥ የጻፍከውን ዝርዝር አየሁት። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ሚኒ አይቲኤክስ (ትንሹ መጠን) ቢ550 ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ)፣ 16 ጊጋ ዲዲአር5 ራም፣ ፈጣን ኤስኤስዲ (ፋይል ማስቀመጫ)። ግራፊክስ ካርድ የለም። ኬዙ (ሳጥኑ) ደግሞ ቁመቱ ከ47 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ኩለር (የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ) አያስገባም። «ይስማማሉ ወይ?» ብለሃል። እንዳለ ከገዛኸው አይሠራልህም፤ ደግነቱ የሚቀየረው ጥቂት ነገር ነው።

ራሙን ቀይር። ቢ550 የሚቀበለው ዲዲአር4 ብቻ ነው። ሁለቱም 288 ፒን ስላላቸው ሰው ይምታታበታል። ከታች ያለችው ክፍተት ግን ቦታዋ ይለያያል፤ አልገባ ካለህ በጉልበት አትሞክር።

ትልቁ ጣጣ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ማዘርቦርዱ ላይ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ስላየህ እንዳትሸወድ፤ እዚያ መሰኪያ ላይ ምስል የሚልከው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም። «ተበላሽቷል፣ እየው እስቲ» ተብለው ከመጡልኝ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ውስጥ ምንም ያልተበላሸ፣ ችግሩ ይሄ ብቻ የሆነ አጋጥሞኛል። የራሱ ግራፊክስ ያለውን 5600ጂ ውሰድ። ኢንቴል ብትመርጥም ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበትን እለፈው፤ እሱም ግራፊክስ የለውም።

5600ጂ ስትወስድ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። አንደኛ፣ ግራፊክሱ የሚጠቀመው የራሙን ሜሞሪ ነው። ሁለት ራም አብረው ሲሠሩ ደግሞ ይፈጥናሉ፤ ስለዚህ አንድ 16 ጊጋ ሳይሆን ሁለት 8 8 ጊጋ ግዛ፤ በተለይ ጌም ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ሁለተኛ፣ ይህ ፕሮሰሰር ከፒሲአይ ኤክስፕረስ (ኤስኤስዲን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው መስመር) ሦስተኛ ትውልድ፣ ማለትም ጄን 3፣ አያልፍም። የጄን 4 ኤስኤስዲ ብትገዛ ይሠራል፣ ግን በጄን 3 ፍጥነት። ትርፉን ገንዘብ ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚሰጠው) ላይ አውለው።

አሁን ወደ ኬዙ። ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ኩለር ቁመቱ 54 ሚሊሜትር ነው። ያንተ ኬዝ 47 ነው የሚፈቅደው። ሰባት ሚሊሜትር ምንም አይመስልም፣ ክዳኑ ግን አይዘጋም። 37 ሚሊሜትር የሆኑ አጫጭር ኩለሮች አሉ፤ ለ65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃሉ። ጫን ያለ ሥራ ላይ ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ እሱን ቻለው። ለፓወር ሰፕላይም እንዲሁ፣ ኬዙ ኤስኤፍኤክስ (ትንሹን) ነው ወይስ ኤቲኤክስ (ትልቁን) የሚወስደው? እዚህ ቡድን ውስጥ ዝርዝር የሚለጥፍ ሰው ይህን ሲጽፍ ብዙም አላይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኬብሉ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል አትሰካበት። ጫፉ ልክ ሊገባ ይችላል፣ የውስጥ ሽቦው አሰላለፍ ግን ሊለያይ ይችላል። ከተለያየ ኤስኤስዲህን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ማዘርቦርዱን ስትገዛ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) 5600ጂን የሚያውቅ መሆኑን ሻጩን ጠይቅ። ቢ550 ከዚህ ፕሮሰሰር በፊት የወጣ ስለሆነ መደርደሪያ ላይ የቆየ ከሆነ ባዮሱ መታደስ አለበት። ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ያለው ካገኘህ እሱን ምረጥ።

መግጠሙ ራሱ ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አጋጥመህ አስቀምጠው፤ ፒኖቹ ያሉት ከሥሩ ስለሆነ አትጫነው። ከዚያ ራሙንና ኩለሩን ግጠምና ማዘርቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጠህ አስነሳው። ምስል ከመጣ በኋላ ወደ ኬዙ አስገባ። ስታስገባው የፕሮሰሰሩን የኃይል ኬብል ማዘርቦርዱን በብሎን ከማሰርህ በፊት ሰካው፤ ከታሰረ በኋላ እዚያ ጥግ ጣት አይገባም።