ውሃ ስመዝን ልቀር ነው?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይኸው ነው፦ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቀሻል። ፍሎው ሜትር (የፍሰት መለኪያ) ካሊብሬት የሚያደርግ፣ ማለትም ልክነቱን የሚፈትሽ፣ ላቦራቶሪ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። ማስታወቂያው «በላቦራቶሪዎች መካከል በሚደረግ ንጽጽር የሚሳተፍ» ይላል። እሱ አልገባሽም። «ዕድሜ ልኬን ውሃ ስመዝን ልቀር ነው?» ብለሽም ሰግተሻል።

ውሃ መመዘኑስ አይቀርልሽም። ግን አትናቂው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ፍሎው ሜትርን የሚፈትሹት ውሃ አሳልፈውበት፣ ያለፈውን በታንክ አጠራቅመው በመመዘን ነው። ሲያዩት የልጅ ሥራ ይመስላል። ሆኖም አየሩ ራሱ ውሃውን በጥቂቱ ደግፎ ስለሚይዘው ሚዛኑ 0.1 በመቶ ገደማ አሳንሶ ያነባል። ከመሣሪያው በፊት ያለ የቧንቧ እጥፋት ፍሰቱን ያዛባል። ቧንቧው ውስጥ የቀረ አየርም የራሱ ጣጣ አለው። ይህን ያላረመ ላቦራቶሪ ዛሬም ነገም ያንኑ ስህተት ይደግማል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚስማሙ ደግሞ ልክ ነኝ ብሎ ይተኛል።

ንጽጽሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ አስተማማኝ ፍሎው ሜትር ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይዞራል። ሁሉም የሌላውን ውጤት ሳያይ የራሱን ይልካል። አስተባባሪው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ራሱ ይለካዋል፤ መሣሪያው በጉዞ ተለውጦ እንደሆነ ለማወቅ። አንዳንዴ ሁለት ፍሎው ሜትሮች በአንድ ቧንቧ ላይ ተከታትለው ይገጠማሉ። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካጋደሉ፣ በይበልጥ የሚጠረጠረው ላቦራቶሪው ነው። ይህቺን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ።

አሁን ቃለ መጠይቁ ላይ ሊጠይቁሽ ወደሚችሉት እንምጣ። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ከውጤቱ ጋር «እስከዚህ ድረስ ልሳሳት እችላለሁ» የሚል አንሰርቴንቲ ያስቀምጣል። በውጤቱና በማመሳከሪያው (ውጤቶቹ ሁሉ በሚነጻጸሩበት ዋጋ) መካከል ያለው ልዩነት ለሁለቱ አንሰርቴንቲዎች ካሬዎች ድምር ካሬ ሥር (ስኩዌር ሩት) ይካፈላል። ከ1 ካልበለጠ አልፏል። ልዩነቱ 0.15 በመቶ፣ የማመሳከሪያው አንሰርቴንቲ 0.1 በመቶ ነው እንበል። ላቦራቶሪው 0.2 ብሎ ከነበረ 0.67 ያገኛል፤ ያልፋል። 0.05 ብሎ ከፎከረ ግን 1.34 ሆኖ ይወድቃል። ልኬቱ ያው ነው! ታዲያ አንሰርቴንቲውን አስፍቶ ማለፍ ይቻላል? ይቻላል። ግን ጠበቅ ያለ ልኬት የሚፈልግ ደንበኛ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ስለዚህ ስታቲስቲክስሽን ከልሺ፤ አንሰርቴንቲ በኤክሴል ማስላትን ተለማመጂ። የላቦራቶሪዎችን ብቃት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ የአይኤስኦ/አይኢሲ 17025ን የ2017 እትምም አንብቢ፤ ንጽጽርን የሚጠይቀው እሱ ነው። ሥራው ላይ ከበሰልሽ የቴክኒክ ኃላፊ፣ ቆይቶም ሌሎች ላቦራቶሪዎችን የሚገመግም ባለሙያ መሆን ይቻላል። ነዳጅና ጋዝ በሚሸጥበት ቦታ ትንሿ ስህተት ብዙ ገንዘብ ስለሆነች፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል።

አንቺም ጠይቂያቸው፦ «ባለፈው ንጽጽር ውጤታችሁ ስንት ነበር? ከ1 የበለጠ ጊዜስ ምን አደረጋችሁ?» ምክንያቱን እንዴት ፈልገው እንዳገኙት ከዘረዘሩልሽ ግቢ። «እኛ ወድቀን አናውቅም» ብለው ካለፉት ግን፣ ከመፈረምሽ በፊት ሌሎች ማስታወቂያዎችንም ተመልከቺ።