ለሽኝቱ ሥጋ አትዘዙ

«ግማሻችን ሙስሊም፣ ግማሻችን ክርስቲያን ነን፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለተዛወረችው ባልደረባችን ሽኝት ምን እናቅርብ?» ላልሽው፦ ሥጋውን ተዉት። ለየብቻ ማቅረብ ይቻላል፤ ግን ሰዉ በትሪ ይከፈላል፣ ያ ቀን ደግሞ መጎራረሻ ነው። በዘይት የተሠራ በያይነቱ እዘዙ፤ መጠጡ ለስላሳ፣ ከዚያ ቡና ከነቆሎው እስከ ሦስተኛው። ዓርብ ከዋለ ከጁምዓ ሶላት በኋላ 9 ሰዓት ላይ አድርጉት፤ ጿሚውም ያኔ ይበላል።

ስጦታው ነጠላ ይሁን። ጋቢ ለደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል።

አደራ፣ የመዋጮውን ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። እኛ ቢሮ ከስሙ ፊት ባዶ የቀረበት ጥበቃ በሽኝቱ ቀን ሳይመጣ ቀረ። የምትሄደው ልጅ ገና ስትገባ «ጋሼስ?» ብላ የጠየቀችው እሱን ነበር።