አሮጌ የግድግዳ ወረቀት ስለማንሳት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

አሮጌ ዎልፔፐር ስለማንሳት ያነሳችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ መልሻለሁ። ብዙዎቻችሁ ስለ ስፓቱላ ነው የምትጨነቁት። እኔ ግን አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ውሃና ትዕግሥት ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከምን ልጀምር? ውሃ ረጭቶ መፋቅ ብቻ ነው?

ውሃው ይቆይ። መጀመሪያ ወረቀቱን እወቂው። ከበር ጀርባ፣ ዓይን ከማያርፍበት ጥግ ጠርዙን አንሺና ቀስ ብለሽ ሳቢው። ሙሉው ተላቆ ከመጣ ተገላገልሽ፤ በደረቁ እንዲነሱ ሆነው የተሠሩ ወረቀቶች አሉ። ላዩ እንደ ላስቲክ ተልጦ ከሥር ስስ ወረቀት ከቀረ ቪኒል ነው። እሱም አያስቸግርም፤ የቀረው ወረቀት ውሃ ይጠጣል። ጥፍር የምታክል ቁራጭ እየተቀደደች ብቻ ከመጣች ግን ሥራ አለብሽ።

ቀጥሎ ግድግዳውን አንኳኪው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ጂፕሰም ቦርድ ሊሆን ይችላል። የጂፕሰም ቦርድ ፊቱ ራሱ ወረቀት ስለሆነ ውሃ ከበዛበት ይላላል፣ ይቦጨቃል። በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ የተሻለ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሶኬቶቹስ?

የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ። የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳኖችን አንሱና ቀዳዳውን በሚለጠፍ ፕላስተር ሸፍኑ። እርጥብ ግድግዳና ኤሌክትሪክ አብረው አይሄዱም። ይህን ሳታደርጉ አትጀምሩ።

ጥያቄ፦ ውሃው ውስጥ ምን ልጨምር? አቼቶ የሚሉም፣ የልብስ ማለስለሻ የሚሉም አሉ።

ሁለቱም ይረዳሉ። ሙቅ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረህም ይሠራል፤ ሳሙናው ውሃው ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ያግዘዋል። ለውጥ የሚያመጣው ግን ጊዜው ነው። አንድ ሜትር ያህል ስፋት ርጭና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተወው። መሃል ላይ ከደረቀ ድገመው። ሙሉ ክፍሉን አንዴ አርሰህ መፋቅ ከጀመርክ፣ ጫፍ ሳትደርስ ሌላው ይደርቅብሃል።

መድረሱን በዓይንህ ታውቀዋለህ። ወረቀቱ ይጠቁራል፣ እዚህም እዚያም ያብጣል። በአውራ ጣት ስትገፋው እርጥብ ሙጫው ላይ ሸርተት ይላል። ያኔ ስፓቱላውን ወደ ግድግዳው አስተኝተህ፣ ከሥሩ እያስገባህ ግፋ። ደህና የራሰ ወረቀት በሰፊው ተጠቅልሎ ይወጣል። ፍርፋሪ እየሆነ ካስቸገረህ ጉልበት አትጨምር፤ ውሃ ጨምርና ጠብቅ። ግድግዳ የሚቦረቦረው እዚህች ጋ በሚመጣ ችኮላ ነው።

ጥያቄ፦ የኛ ወረቀት ላይ ቀለም ተቀብቷል። ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል።

ላዩ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። በመብሻ መሣሪያ ወይም በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ላዩን ብቻ ጫር ጫር አድርጉ። ግድግዳው ድረስ እንዳይዘልቅ፣ በተለይ ጂፕሰም ከሆነ። ከዚያ እርጥበቱ ይገባል። ካልሆነም የእንፋሎት ማሽን ተጠቀሙ፤ ጂፕሰም ላይ ግን አንድ ቦታ አታቆዩት። የሚንጠባጠበው ውሃ ያቃጥላል፣ ጓንት አድርጉ።

ቤቱ የቆየ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ድሮ የቤት ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ይገባ ነበር። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው እንኳ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ ፍቆ አቧራውን መተንፈስ አደገኛ ነው፤ ለልጆች ደግሞ ይብሳል። ከጠረጠራችሁ ሳትነኩት አስመርምሩት።

ጥያቄ፦ ወረቀቱ ተነሥቶ አልቋል፣ ግድግዳውም ንጹሕ ነው። ነገ ቀለም ልቀባ?

ኧረ ቆይ! ወረቀቱ እንጂ ሙጫው አልወጣም። እጅህን አርጥበህ ግድግዳውን ዳብሰው። ካሟለጨህ ሙጫ አለ። በላዩ ከቀባህ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል፣ ቆይቶም ይላጣል። በሙቅ ውሃና በስፖንጅ እጠበው፤ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ አለበለዚያ ሙጫውን መልሰህ እየቀባኸው ነው። መሟለጩ ሲጠፋ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ቀዳዳውን በስቱኮ ሙላ፣ አለስልስና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ቀባ። በዘይት የተሠራ ፕራይመር ይሻላል፤ በውሃ የሚቀጥነው የተረፈውን ሙጫ መልሶ ሊያረጥበው ይችላል።

ጥያቄ፦ ጂፕሰሙ ተቦጭቆ ቡናማ ወረቀቱ ወጣ። ስቱኮ ልምታበት?

ገና ነው። ቡናማው ወረቀት የስቱኮውን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። የተንጠለጠለውን በስል ምላጭ ቁረጪ፣ ጠርዙን አለስልሺ፣ በዘይት ፕራይመር ዝጊው። ሲደርቅ ስቱኮውን ስስ አድርገሽ አልብሺው።

ጥያቄ፦ ከወረቀቱ ሥር ጥቁር ሻጋታ አገኘሁ። በረኪና ይበቃዋል?

አይበቃም። ሻጋታ ካለ እርጥበት አለ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ወይም አየር የማያገኝ ጥግ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን ፈልጎ ማስተካከል ነው። ትንሽ ከሆነ ጭምብልና ጓንት አድርገህ በሳሙናና ውሃ አጽዳ፣ በደንብ አድርቅ። ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከያዘ ግን ለባለሙያ ስጠው። ሻጋታ የበላው ጂፕሰምም ተቆርጦ ይቀየራል እንጂ አይታጠብም።

ጥያቄ፦ ባለ ስቲከሩ፣ ጀርባው ራሱ የሚለጠፈው ወረቀትስ? ልጄ ክፍል ውስጥ ለጥፌ ነበር።

እሱ ውሃ አይፈልግም። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጊውና ከላይኛው ጥግ ጀምረሽ ወደ ታች፣ ወደ ግድግዳው አስጠግተሽ ሳቢው። ቀለሙን ይዞ መምጣት ከጀመረ አቁሚና ሙቀት ጨምሪ።