ሲቪል እየተማርኩ ታሪክ ልጨምርበት?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ፒያሳ ስላደግኩ ይሁን አላውቅም ታሪክ ስወድ ለጉድ ነው፣ እና ዊኬንድ ላይ ታሪክ በዲግሪ ልመዝገብ ብዬ ሳማክር አባዬ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" አለኝ፣ እማዬ ደግሞ "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ትላለች። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባት፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ከአባትሽ ጋር ነኝ፣ ግን ግማሹን ብቻ። ዊኬንድ ማለት እኮ የሰርቬዪንግ ሪፖርትና የስትራክቸር አሳይመንት የምትሠሪበት ቅዳሜና እሁድሽ ነው። አራተኛ ዓመት ላይ ደግሞ ኢንተርንሺፕ አለ፣ ሳይቱ ከጎንደር ውጪ ቢደርስሽ የታሪኩን ሚድ ማን ይፈተንልሻል? ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተናም መጥቷል፣ ሁለት ዲግሪ ካልሽ ሁለት መውጫ ፈተና ነው።

ዲግሪው ይቆይ፣ ትምህርቱን ግን አታቆዪው። ፋሲል ግንብን እዪው እስቲ። ግድግዳው ድንጋይና ኖራ ነው፣ በጣሊያን ጊዜ ሲጠገን ሲሚንቶ ገባበት፣ ሲሚንቶ ደግሞ እንደ ኖራ አያስተነፍስም፣ የክረምቱ ውሃ ውስጥ ይቀርና መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይልጠዋል፣ በኋላ ሲጠገን ወደ ኖራ የተመለሱት ወደው አይደለም። የትኛው ግድግዳ የነገሥታቱ ነው፣ የትኛው በኋላ የተለጠፈ ነው የሚለውን ካልኩሌተር አይነግርሽም፣ ታሪክ ብቻ የተማረ ሰው ደግሞ ግድግዳው ስንት እንደሚሸከም አያሰላልሽም። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነውና እንዳሻሽ የምትለስኚው ቤት አይደለም፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን በኖራ ሞርታር ላይ አድርጊው፣ አድቫይዘርሽ "ኮንክሪት ይሻልሻል" ቢልሽም ተከራከሪ (ኮንክሪት ላይ የሚሠራ መች ጠፋ!)። ፕሮግራምሽ ክፍት ሲሆን ማራኪ ካምፓስ ብቅ በይና የጎንደርን ዘመን የሚያስተምረውን መምህር ከኋላ ቁጭ ብዬ ልከታተል ብለሽ ጠይቂው፣ ብዙዎቹ ደስ ነው የሚላቸው። ማስተርስ በታሪክ ወይ በቅርስ ለመማር ካሰብሽ ከሌላ ፊልድ የመጣ ይቀበሉ እንደሆነ ዲፓርትመንቱን ከአሁኑ ጠይቂ። ዊኬንዱ አሁንም ልብሽን ካልለቀቀው ግን ብር ከመክፈልሽ በፊት ሬጉላር ላይ ሆነሽ መመዝገብ ይፈቀድ እንደሆነ ሬጅስትራር ሄደሽ አጣሪ፣ መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበያቸው።